ከአክስቱ ቤት የተመለሰ ልጅ እናቱን በስሟ ይጠራል፤ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ መምህር ዘወሎ

ነሐሴ 2013 ወልድያ ልትያዝ ስትል አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ከተላኩት ልጆች ዘግይተው የተመለሱ አሉ። አንዱ የእኔ ተማሪ ነው፤ በሦስት ዓመቱ ሄዶ በሰባት ዓመቱ መጣ። አክስቱን "እማዬ" ይላል፣ እናቱን በስሟ ይጠራል። ሁለት ሳምንት እንደ እንግዳ ጨዋ ሆኖ ሰነበተ፤ አሁን አልጋው ላይ ይሸናል፣ እሱ በሌለበት የተወለደችውን እህቱን ይመታል። እናቱ "እንዳይናፍቅ" ብላ ከአክስቱ ጋር በስልክ መገናኘቱን አስቀርታለች፤ አባቱ ቀበቶ አንስቷል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ሶሻል ወርከር

መምህር፣ ከስልኩ ይጀምሩ። ልጁ አንዴ እናቱን አጥቷል፤ አሁን አሳዳጊውንም ሲያጣ ሁለተኛ ሐዘን ነው፣ ንዴቱም እህቱ ላይ ይወጣል። በሳምንት ሁለቴ፣ የታወቀ ቀንና ሰዓት ይኑረው፤ ረቡዕና እሑድ ከራት በፊት ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። መኝታ ሰዓት ላይ አይደወል፣ እያለቀሰ ይተኛል። አክስትየዋ "መጥቼ እወስድሃለሁ" እንዳትል አደራ። ልጁን ሻንጣውን ሳይፈታ የምታስጠብቀው ይህች ቃል ናት። "ለፋሲካ እመጣለሁ" ማለት ትችላለች፤ የምር የምትመጣ ከሆነ ብቻ።

"እማዬ በለኝ" ብሎ ማስገደድ አይሠራም። እናቱ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ለእሱ ብቻ ትስጠው፤ ሽሮውን ያማስልላት፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጥላት። ፊት ለፊት አስቀምጠው "ንገረኝ" ሲሉት የማይናገረውን እጁ ሥራ ሲይዝ ያወራዋል። ትንሿ ያን ጊዜ ከአባቷ ጋር ትሁን።

መልስ፦ ነርስ

ስለ ሽንቱ፦ ቀን ውኃ አትከልክሉት። ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ብቻ ይቀንስ፣ ማታ ሻይና ለስላሳ ይቅርበት፣ ሸንቶ ይተኛ። ፍራሹ ላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ በላይ አንሶላ አንጥፉ፤ ቅያሪው አጠገቡ ይደር። እህቱ ፊት አይነሳበት። ሲሸና ካቃጠለው ወይም ካተኮሰው ግን ጭንቀት ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ሽንቱ ይመርመር። ውኃ እየደጋገመ እየጠጣ ከከሳ የደም ስኳር ምርመራ ለነገ አይባልም።

መልስ፦ አንባቢ

ስለ ቀበቶው፦ ጨዋ ሆኖ ሰንብቶ ማመፁ መበላሸት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከቦምብ ለማሸሽ ወደ ገጠር የተላኩት የእንግሊዝ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1945 ሲመለሱ፣ የሕፃናት ሐኪሙ ዶናልድ ዊኒኮት በቢቢሲ ሬዲዮ ወላጆቻቸውን ያነጋግር ነበር። እንደ እሱ አስተሳሰብ ልጁ ቤቱን እየፈተነ ነው፤ ባስቸግራቸው መልሰው ይልኩኝ ይሆን? ስለዚህ "ወደ አክስትህ እመልስሃለሁ" ማለት ከግርፋቱም ይብሳል። እህቱን ሲመታ ወዲያው ይለያዩ፣ አባቱ ሳይጮህ እስኪበርድለት አጠገቡ ይቀመጥ። ወደ ውጪ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ማባረር ለዚህ ልጅ ቅጣት አይደለም፣ ዳግመኛ መላክ ነው።

በዚያው ጦርነት ወደ ስዊድን ከተላኩት 70,000 ያህል የፊንላንድ ልጆች ብዙዎቹ ቋንቋቸውን ረስተው ስለተመለሱ ከእናታቸው ጋር መግባባት አቅቷቸው ነበር። ይሄኛው ቢያንስ በአማርኛ ነው የሚያኮርፈው።

መምህር ዘወሎ፦ ክፍል ውስጥስ እኔ ምን ላድርግ?

ሶሻል ወርከር፦ ከትምህርት ቤት ማን እንደሚወስደው ጠዋት ይነገረው፤ የሚወስደውም ያው ሰው ይሁን፣ አይዘግይ። "ቤተሰቤ" የሚል ሥዕል ሲያሥሉ አክስቱንም ይጨምር፣ አያርሙት። ከሦስት ወር በኋላም ካልተሻለው፣ ወይም ከዚያ በፊት መብላት ካቆመ፣ ዝም ካለ ወይም ስለ መሞት ካወራ፣ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይላኩት።