የ2026 የኤፒ ፈተና ቦታ፦ ለካውንቲዎቹ በጋራ የምንልከው ደብዳቤ (በሰሜን ቨርጂኒያ ልጆቻችንን ቤት የምናስተምር ወላጆች የቡድን ውይይት፤ አንዳንዶቻችን በምንኖርበት ቦታ ስም ነው የምንጠራው)

የማክዳ እናት፣ ሰኞ
ረቂቁን ከታች አስቀምጫለሁ። እስከ እሑድ አስተያየት ስጡበት። ዘንድሮ ቁጭ ብለን አንጠብቅም። አምና መጠበቃችን ምን እንዳመጣብን ታውቃላችሁ። ያ የግል ትምህርት ቤት በየልጁ 150 ዶላር "የቦታ" ብሎ ተቀበለን፣ ኤፕሪል ላይ ቦታ የለም አለን። ለግማሾቻችን ገንዘቡ እስካሁን አልተመለሰም። ማክዳ ባዮሎጂውን ስታጠና ከርማ፣ የፈተናው ቀን ጠዋት ካርዶቿን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ እቤት ቁጭ አለች። ያን ቀን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

ለአዲሶች ብቻ፦ ኤፒ የሃይስኩል ልጅ በኮሌጅ ደረጃ ትምህርት የሚፈተነው ፈተና ነው፣ ጥሩ ነጥብ ካመጣ ብዙ ኮሌጆች ክሬዲት ይሰጡታል። ፈተናውን የሚያወጣው ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት ተማሪን በቀጥታ አይመዘግብም። ፈተናውን ከኮሌጅ ቦርድ የሚያዘው የትምህርት ቤቱ ኤፒ ኮኦርዲኔተር፣ ማለትም አስተባባሪው ነው። እሱ እሺ ካለ ጆይን ኮድ (የመመዝገቢያ ኮድ) ይሰጣል፣ ልጁ በራሱ አካውንት ይገባል፣ አለቀ። እሺ ካላለ ልጁ ቢያውቅም ባያውቅም አይፈተንም። ትምህርት ቤቶች ትዕዛዝ የሚዘጉት ኖቬምበር አጋማሽ ነው። ከዚያ ካለፈ በየፈተናው 40 ዶላር ይጨመራል። ካውንቲው ደግሞ የራሱን ቀን ከዚያ ቀደም ሊያደርገው ይችላል። ፈተናው ከሜይ 4 እስከ 15 ነው፣ ክፍያው 99 ዶላር። ከታች ያለው ፒኤስኤቲ ደግሞ ለኮሌጅ መግቢያው ለኤስኤቲ የሚያለማምድ ፈተና ነው።

ረቂቁ፦ "በቨርጂኒያ ሕግ 22.1-254.1 መሠረት ልጆቻችንን በቤት የምናስተምር ወላጆች ነን። ሕጉ የትምህርት ቦርዶች የኤፒና የፒኤስኤቲ ፈተናዎችን ለልጆቻችን የሚያቀርቡበት ዕቅድ እንዲኖራቸው፣ የምዝገባውን ቀን በጽሑፍ እንዲወስኑና እንዲያሳውቁን፣ አቅም ለሌላቸው ስላለው የገንዘብ ድጋፍም እንዲነግሩን ያዛል። ስለዚህ የዘንድሮው ቀን መቼ እንደሆነ፣ ልጆቻችን የት እንደሚፈተኑና ማንን ማነጋገር እንዳለብን በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።"

ለፌርፋክስ፣ ለአሌክሳንድሪያ፣ ለአርሊንግተንና ለፕሪንስ ዊሊያም ይላካል። ልመና አይደለም። ሕግ ነው።

የናሆም አባት፣ ሰኞ
ጎበዝ። እንግሊዝኛውን ዛሬ ማታ እጨርስልሻለሁ። አንድ ነገር ጨምሪበት፣ የኮምፒውተሩን። ከ2025 ጀምሮ አብዛኛው ፈተና ብሉቡክ በሚባለው የኮሌጅ ቦርድ የኮምፒውተር መተግበሪያ ሆኗል። ብሉቡክ ደግሞ የግል ክሮምቡክ ላፕቶፕ ላይ አይሠራም፣ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው ላይ ብቻ ነው። እኛ ቤት ያለው የግል ነው። የናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚያው ይመስለኛል። ፈተና ክፍል ደርሰን ከምንደነግጥ፣ ላፕቶፕ ያበድሩናል ወይ ብለን ከወዲሁ እንጠይቅ።

የሩት እናት፣ ሰኞ
ኤፒ ኮርስ ሌጀር ላይ ገብቼ በአራቱም ቦታ የትኛው ትምህርት ቤት የትኛውን ኮርስ እንደሚሰጥ ዝርዝር አወጣለሁ። ረቡዕ ይደርሳችኋል።

ዉድብሪጅ፣ ሰኞ
ደብዳቤው በማን ስም ነው የሚወጣው? ማህተምስ?

የማክዳ እናት፣ ሰኞ
በማህበሩ ስም፣ ከሥሩ የሁላችን ፊርማ። ማህተም አያስፈልግም።

ዉድብሪጅ፣ ሰኞ
እንዴት ነው የማያስፈልገው? ማህተም የሌለው ደብዳቤ ወረቀት ነው። ማህበር ነን ካልን እንደ ማህበር እንጻፍ። ካልሆነ ሁሉም በግሉ ይላክ።

የናሆም አባት፣ ሰኞ
ወንድሜ፣ እዚህ አገር ማን ማህተም ያያል? በኢሜይል ነው የሚላከው።

ዉድብሪጅ፣ ሰኞ
ኢሜይል ላይም ስካን ተደርጎ ይገባል። አምና የተናቅነው ለምንድን ነው? እንደ አንድ ሰው እየደወልን ነዋ። ክብር ያለው ነገር ይዘን እንቅረብ ነው የምለው።

የኤልዳና እናት፣ ማክሰኞ
እኔ በማህተሙ እስማማለሁ። ግን የትኛው ማህተም? ያለን ማህተም ላይ ያለው የድሮው የኮሎምቢያ ፓይክ አድራሻ ነው። ቢሮውን ከለቀቅን ቆየን። ካውንቲው በዚያ አድራሻ መልስ ቢልክ ማን ይቀበለዋል?

አናንዴል፣ ማክሰኞ
መሃሉ ላይም ጀበና አለው። ለትምህርት ቦርድ ጀበና ያለበት ማህተም? መጽሐፍ ይሁን ብለን ያኔ ስንናገር ማን ሰማን።

ዉድብሪጅ፣ ማክሰኞ
ጀበናው ምን አደረገህ? ባህላችን ነው። በድምፅ ብልጫ ነው የተመረጠው።

አናንዴል፣ ማክሰኞ
የትኛው ድምፅ? ግማሹ አባል ሥራ ላይ እያለ የተጠራ ስብሰባ ነበር።

የማክዳ እናት፣ ማክሰኞ
እባካችሁ። የልጆቹን ክፍልና የሚፈተኑትን ትምህርት የላኩልኝ ሦስት ሰዎች ብቻ ናችሁ። ካውንቲው መጀመሪያ የሚጠይቀን ስንት ልጅ፣ በምን ትምህርት ነው። ማህተም አይጠይቅም።

ዉድብሪጅ፣ ማክሰኞ
እሺ፣ ማህተሙ የት ነው ያለው? ጥያቄዬ አጭር ነው።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፣ ማክሰኞ
እኔ ጋ ነው። ከጀርባዬ ከምታወሩ ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር። በቃለ ጉባኤ ነው የተረከብኩት፣ በቃለ ጉባኤ ነው የማስረክበው።

አናንዴል፣ ማክሰኞ
ማን ስለ አንተ አወራ? የአምናው መዋጮስ በየትኛው ቃለ ጉባኤ ነው የሚገኘው?

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፣ ማክሰኞ
መዋጮው ባንክ ነው። ከዚህ ላይ አንድ ሳንቲም አልነካሁም። ደረሰኙን ለሰብሳቢው ልኬያለሁ። እንዲህ ብሎ የሚጠረጥረኝ ሰው ካለ ቁልፉንም ማህተሙንም ዛሬውኑ መጥቶ ይውሰድ። ልጄ ኮሌጅ ከገባ በኋላ እዚህ የቆየሁት ለእናንተ ልጆች ብዬ ነው።

የኤልዳና እናት፣ ማክሰኞ
አይባልም እንዲህ። ስንት ዓመት ያገለገለን ሰው ነው።

ሰብሳቢ፣ ረቡዕ
ደረሰኙ ደርሶኛል። ሒሳቡ ትክክል ነው። ልጄ፣ አናንዴል ያለኸው፣ ይቅርታ ጠይቅ። ማህተሙን ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እረከባለሁ።

አናንዴል፣ ረቡዕ
ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ ይቅርታ። የገንዘቡን ነገር በስሜት ነው የተናገርኩት። የጀበናውን ግን አልተውም።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ
አልፏል። ይቅር ለእግዚአብሔር።

የማክዳ እናት፣ ረቡዕ
የናሆም አባት፣ እንግሊዝኛው ደረሰ? የሩት እናት፣ ዝርዝሩስ?

ስፕሪንግፊልድ፣ ረቡዕ
በዚህ አጋጣሚ፦ ለዝቅተኛ ገቢ ኮሌጅ ቦርድ ከእያንዳንዱ ፈተና 37 ዶላር ይቀንሳል። በሆምስኩል ያለ ልጅም ይገባዋል፣ ግን በኮኦርዲኔተሩ በኩል ነው የሚሞላው። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ፈተና። ቁጠሩት። ረቂቁ ላይ "ድጋፍ እንዲነግሩን" ከማለት፣ ቅነሳው በስም ይጠቀስ። ቢሮ ገብቼ ሰው ፊት ደመወዜን ከመናገር ወረቀቱ ቢናገርልኝ እመርጣለሁ።

የማክዳ እናት፣ ረቡዕ
ትክክል። ገብቷል።

የቢኒ አባት፣ ረቡዕ
ቢኒ ዲስሌክሲያ አለው፣ ተጨማሪ ሰዓት ያስፈልገዋል። ኮሌጅ ቦርድ ማመልከቻውን ለማየት እስከ ሰባት ሳምንት ይፈጃል። ቦታ ሳይኖረን ብናመለክት ችግር አለው? እሱን የሚያውቅ አለ?

ዉድብሪጅ፣ ረቡዕ
ማህተሙ ቅዳሜ ከመጣ፣ አድራሻውን አስቀይረን አዲስ እናሠራ። እስከዚያ ደብዳቤው ይቆይ። አንድ ሳምንት ምንም አያመጣም።

የማክዳ እናት፣ ረቡዕ
ያመጣል! የፒኤስኤቲው ፈተና ኦክቶበር ነው። ለ11ኛ ክፍል ልጅ ናሽናል ሜሪት የሚባለው የስኮላርሺፕ ውድድር ያለው በዚያ ፈተና ነው፣ በዓመት አንዴ። አንድ ሳምንት ለእናንተ ምንም አይደለም፣ ልጄ ግን 11ኛ ክፍል አንዴ ነው የምትሆነው።

ዉድብሪጅ፣ ረቡዕ
አትጩኺብኝ። የእኔም ልጅ 11ኛ ክፍል ነው።

የኤልዳና እናት፣ ሐሙስ
ለምን ልጆቹ ኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተው የኮሌጅ ኮርሱን አይወስዱም? የእህቴ ልጅ ሃይስኩል እያለች ነው የኮሌጅ ኮርስ የወሰደችው፣ ዱዋል ኢንሮልመንት የሚሉትን። ፈተናም ማህተምም የለ።

ስፕሪንግፊልድ፣ ሐሙስ
ለአንዳንዱ ጥሩ ነው። ኤፒው ግን ነጥቡ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የሆምስኩል ልጅ ስናመለክት "እናቱ የሰጠችው ማርክ ነው" ይሉናል። ከፍተኛውን ነጥብ፣ 5 ካመጣ ማንም ምንም አይልም።

አናንዴል፣ ሐሙስ
ደብዳቤ መጻፋችን ካልቀረ አንድ ትልቅ ነገር እንጨምርበት። የአማርኛ ኤፒ ለምን የለም? ጃፓንኛ አለ፣ ጀርመንኛ አለ፣ ላቲን እንኳ አለ። ጣሊያንኛ በ2009 ቆሞ ነበር። ጣሊያኖቹ ተረባርበው ገንዘብ አሰባሰቡ፣ በ2012 ፈተናው ተመለሰ። እኛስ? ዲሲ እኮ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት ቅጾች በአማርኛ ይወጣሉ። እዚህ አካባቢ ስንት ሺህ ሕዝብ ሆነን ልጆቻችን በቋንቋቸው አይፈተኑም?

ዉድብሪጅ፣ ሐሙስ
ይኼ ነው ወንድነት! በዚህ ከአናንዴል ጋር ነኝ።

የኤልዳና እናት፣ ሐሙስ
እንባዬ ነው የመጣው። ኤልዳና ከአያቷ ጋር በአማርኛ ነው የምታወራው፣ ማንም ግን ክሬዲት አይሰጣትም።

ስፕሪንግፊልድ፣ ሐሙስ
ሐሳቡ ይገባኛል፣ እኔም እመኘዋለሁ። ግን አዲስ የኤፒ ፈተና የሚጨምረው ኮሌጅ ቦርድ ነው። ካውንቲው ምን ሥልጣን አለው? ሁለቱን አንድ ደብዳቤ ላይ ካደረግናቸው፣ ካውንቲው "ይኼ እኛን አይመለከትም" ብሎ ሙሉውን ይመልስልናል።

አናንዴል፣ ሐሙስ
በአባሪ ይሁን።

ሰብሳቢ፣ ሐሙስ
ጥሩ ሐሳብ ነው። የአማርኛውን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ጻፉ።

ዉድብሪጅ፣ ሐሙስ
እኔ።

አናንዴል፣ ሐሙስ
እኔ። ጋሼ፣ ለዚህኛው ማህተም የግድ ነው፣ ለኮሌጅ ቦርድ ነዋ የሚሄደው።

የኤልዳና እናት፣ ሐሙስ
እኔም አለሁ። ሜሪላንድ ያሉትንም እንጥራ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሰው አለ።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፣ ሐሙስ
የአምናውን መዋጮ ለዚህ ብናውለው እኔ ተቃውሞ የለኝም።

ስፕሪንግፊልድ፣ ሐሙስ
የአምናው መዋጮ የተሰበሰበው ለፈተና ቦታ ነው። እኔ የከፈልኩት ለዚያ ነው።

የሩት እናት፣ ዓርብ
ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ድርብ ሽፍት ገብቶብኝ ነው። ዝርዝሩን ፌርፋክስን ብቻ ጀምሬዋለሁ። ሌላ ሰው ቢጨርሰው ደስ ይለኛል።

የቢኒ አባት፣ ዓርብ
የጠየቅኩትን ማንም አልመለሰልኝም።

ስፕሪንግፊልድ፣ ዓርብ
የቢኒ አባት፣ ማመልከቻው ለልጁ ነው የሚጸድቀው። ከጸደቀ በኋላ የትም ቢፈተን አብሮት ይሄዳል። ቦታ እስክታገኝ አትጠብቅ። የሐኪሙን ወረቀት ይዘህ ዛሬውኑ ጀምር። ቅጹን አብረን እንሞላዋለን፣ ደውልልኝ።

አናንዴል፣ ዓርብ
የአማርኛ ኮሚቴው የመጀመሪያ ስብሰባ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቡናው እዚያው ይፈላል። አጀንዳው፦ የኮሚቴው ስያሜ፣ አዲሱ ማህተም፣ ሜሪላንድን ስለ መጋበዝ።

ሰብሳቢ፣ ዓርብ
ደብዳቤውም በዚያው ይነሳል።

የማክዳ እናት፣ ዓርብ
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ አልጠብቅም። እንግሊዝኛውን ማታ ከማክዳ ጋር ቁጭ ብለን ጻፍነው። ስፕሪንግፊልድ አይቶልኛል። የላፕቶፑም፣ የ37 ዶላሩም ገብቷል። የማህበሩን ስም አውጥቼዋለሁ፣ በወላጆች ስም ነው። ሰኞ ጠዋት ለፌርፋክስ የሆምስኩል ቢሮ እልካለሁ፣ በማግስቱ እደውላለሁ። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፕሪንስ ዊሊያም ያላችሁ የቦታውን ስም ብቻ ቀይራችሁ ውሰዱት። ስሙ እንዲገባ የሚፈልግ እስከ እሑድ ማታ የልጁን ክፍልና የሚፈተነውን ትምህርት ይላክልኝ። እስካሁን አምስት ልጆች ናቸው።

የናሆም አባት፣ ዓርብ
አሁን ነው ያየሁት፣ ከከተማ ውጪ ነበርኩ። ናሆምን አስገቢው። 12ኛ ክፍል፣ ካልኩለስ ኤቢ እና ኮምፒውተር ሳይንስ ኤ።

ዉድብሪጅ፣ ዓርብ
የእኔንም ልጅ አስገቢያት። 11ኛ ክፍል፣ የአሜሪካ ታሪክ። የፕሪንስ ዊሊያሙን ሰኞ እኔ እልካለሁ። ግን ማህተም ሲደርስ በድጋሚ እንላክ።

የማክዳ እናት፣ ዓርብ
ገብታለች። ሰባት ሆኑ።

አናንዴል፣ ዓርብ
የማክዳ እናት፣ ቅዳሜ ግን ትመጫለሽ አይደል? ጸሐፊ አድርገንሻል።