ጥቆማ፦ የፎቶ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር አፕግሬድ ከማድረጋችሁ በፊት መመለሻውን እዩ

አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር «ልጫነው ወይስ ባለኝ ልቆይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አብዛኛው መልስ የሚያተኩረው አዲሱ ቨርዥን ምን ጨመረ በሚለው ላይ ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ነገር አለ። ሳይስማማኝ ቢቀር ወደ ድሮው መመለስ እችላለሁ ወይ? ከተመለስኩስ በመሃል የሠራኋቸው ፎቶዎች ከነኤዲታቸው አብረውኝ ይመለሳሉ ወይ? ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ፕሮግራሞች ያወዳደርኳቸው በዚህ መለኪያ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ አፕግሬድ የግድ የሚሆንበት ጊዜ ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው። ዋናው ምክንያት አዲስ ካሜራ መግዛት ነው። የቆየ ፕሮግራም ከእሱ በኋላ የወጣ ካሜራ ያነሳውን ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብር ያስቀመጠውን ጥሬ ፎቶ) አያውቀውም። ለዚህ ሲባል ብቻ ሙሉ ሶፍትዌር የሚቀይር ሰው ብዙ ነው፤ ግን የፎቶሾፕና የላይትሩም ባለቤት አዶቢ ራሱ የሚያወጣው ዲኤንጂ ኮንቨርተር የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ። የአዲሱን ካሜራ ሮው ወስዶ ወደ ዲኤንጂ፣ ማለትም ወደ አዶቢ የጋራ የሮው ፎርማት፣ ይለውጠዋል። የኮንቨርተሩ ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብታችሁ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን ወደ ቆየ የካሜራ ሮው (ፎቶሾፕ ውስጥ ሮው የሚከፍተው ክፍል) ቨርዥን ዝቅ ካደረጋችሁት ፎቶሾፕ ሲኤስ 6ም ሆነ ላይትሩም 6 ይከፍተዋል። የሲኤስ 6 ካሜራ ሮው በ2015 በቨርዥን 9.1.1 ላይ ቆሟል፤ ያም ሆኖ በዚህ መንገድ ከዚያ በኋላ የወጡ ካሜራዎችን ፎቶ ማስተናገድ ይችላል። ዋጋው ተጨማሪ የዲስክ ቦታና አንድ ተጨማሪ ደረጃ ነው። ኦሪጅናሉን ሮው ግን እንዳታጠፉ፤ ዲኤንጂው የሥራ ኮፒ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ሰው ሳያስበው የሚያዘው በዚህኛው ነው። በ2019 የወጣው ማክ ኦኤስ ካታሊና ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ማስኬድ አቆመ። ላይትሩም 6 ራሱ ባለ 64 ቢት ነበር፤ ኢንስቶለሩና ላይሰንሱን የሚያጣራው ክፍል ግን 32 ቢት ስለነበሩ አብሮ ተያዘ። ስለዚህ የቆየ የፎቶ ፕሮግራም ላይ ያላችሁ ሰዎች ኮምፒውተሩን አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ። ዊንዶውስ ላይ የቆየ ፕሮግራም ረዘም ያለ ዕድሜ አለው፤ ግን እዚያም የላይሰንስ ጉዳይ አለ። ፎቶሾፕን የያዙት የድሮዎቹ የአዶቢ ጥቅሎች፣ ክሪኤቲቭ ስዊት 2፣ 3 እና 4፣ ላይሰንሳቸውን በኢንተርኔት የሚያረጋግጡላቸው አክቲቬሽን ሰርቨሮች ተዘግተዋል። ኦሪጅናል ዲስኩ እጃችሁ ላይ ቢኖርም ኮምፒውተሩ ፎርማት ከተደረገ እንደገና መጫን አይቻልም። እንደዚህ ዓይነት ፕሮግራም የሚሠራበት ማሽን ካላችሁ የሙሉውን ዲስክ ኢሜጅ (ሲስተሙንና ፕሮግራሞቹን እንዳሉ የያዘ ቅጂ) አሁኑኑ ያዙ።

አሁን ወደ ፕሮግራሞቹ።

ፎቶሾፕ መመለሻ አለው፤ ጊዜው ግን የተገደበ ነው። የአዶቢ ፕሮግራሞች የሚጫኑበት ክሪኤቲቭ ክላውድ አፕ ውስጥ ከፕሮግራሙ ስም አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኩ የቀደሙ ቨርዥኖችን ያሳያል። ሆኖም አዶቢ ከ2019 ጀምሮ ዝርዝሩን አሳጥሮታል፤ ድሮ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ይቻል ነበር፣ አሁን የቅርብ የቅርቦቹ ብቻ ናቸው። ዋናው ጥንቃቄ ያለው አንዲት ትንሽ መስኮት ላይ ነው። ወደ ትልቅ አዲስ ቨርዥን ስትሸጋገሩ አድቫንስድ ኦፕሽንስ የሚል መስመር ይመጣል፤ ስትከፍቱት ሁለት ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች አሉ። አንዱ የድሮውን ሴቲንግ ወደ አዲሱ ያመጣል፣ ሌላው የድሮውን ቨርዥን ያጠፋል። መስመሩ ካልተከፈተ ሳጥኖቹ አይታዩም፤ ብዙ ሰው ሳያያቸው ያልፋል። የመጀመሪያውን እንዳለ ተዉት፤ ሁለተኛው ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። አዲሱና የድሮው አንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ያለ ችግር ይኖራሉ። አውቶ አፕዴት በርቶ ከሆነም አጥፉት፣ አለበለዚያ ውሳኔው የእናንተ መሆኑ ይቀራል።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት የፎቶሾፕን የስሪዲ መሣሪያዎች ማስታወስ ይበቃል። አዶቢ ከፕሮግራሙ ሲያስወጣቸው በእነሱ የሚሠሩ ሰዎች 22.2 ላይ እንዲቆዩ ነበር ምክሩ። የድሮውን ያላጠፋ ሰው ሥራውን ቀጠለ።

ፎቶሾፕ ፋይሎች በራሳቸው ሁለቱንም አቅጣጫ በደንብ ይችላሉ። አዲስ ላይ የተሠራ ፒኤስዲ የድሮው ላይ ሲከፈት የማያውቀው ነገር ካለ ያስጠነቅቃል፤ ሌየሮቹን ይዞ ለመክፈት ወይም ወደ አንድ አዋህዶ ለመክፈት ምርጫ ይሰጣል። ሴቭ ስታደርጉ ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን አብሩት፤ ፋይሉ ይከብዳል፣ ግን ሌሎች ፕሮግራሞችም ምስሉን በትክክል ያዩታል።

ሰው በብዛት የሚጎዳው ላይትሩም ክላሲክ ላይ ነው። ላይትሩም ፎቶውን ራሱን አይነካውም፤ ያደረጋችሁትን ማስተካከያ ሁሉ የሚመዘግበው ካታሎግ የሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ነው። ትልቅ አፕግሬድ ካደረጋችሁ በኋላ መጀመሪያ ሲከፈት ካታሎጉን ላሻሽለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካላችሁ የድሮውን ሳይነካ ሌላ አዲስ ካታሎግ ይሠራል፤ በቅርብ ቨርዥኖች የአዲሱ ስም መጨረሻ ላይ የቨርዥኑ ቁጥር ይጨመርበታል። ፎልደሩን ብትከፍቱ ሁለቱን ጎን ለጎን ታገኟቸዋላችሁ። እስከዚህ ደህና ነው። ችግሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትሠሩት ሁሉ የሚገባው አዲሱ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ከሁለት ወር በኋላ «አልተመቸኝም» ብላችሁ ብትመለሱ የምታገኙት የሁለት ወር በፊቱን ካታሎግ ነው። አዲሱን ካታሎግ ደግሞ የድሮው ፕሮግራም አይከፍተውም።

መከላከያው ኤክስኤምፒ ነው። ፎቶዎቹን በሙሉ መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤስ፣ ማክ ላይ ኮማንድና ኤስ፣ ስትጫኑ ኤዲቱ ከካታሎጉ ወጥቶ ከፎቶው ጋር ይጻፋል። ለሮው ከጎኑ ትንሽ ፋይል ይቀመጥለታል፤ ለጄፔግ፣ ለቲፍና ለዲኤንጂ እዚያው ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ካታሎግ ሴቲንግ ውስጥ ይህን በራሱ እንዲያደርግ የሚያዝ ምርጫ አለ፤ እኔ ሁልጊዜ አብርቼው ነው የምሠራው፣ ለሁሉም ሰው የምመክረውም ይህንን ነው። የድሮው ላይትሩም ኤክስኤምፒውን ያነባል፣ ግን የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው። በ2021 በቨርዥን 11 የመጣው ሰማይን ወይም ሰውን በራሱ የሚመርጠው ማስኪንግ ቨርዥን 10 ላይ የለም። ኮሌክሽን (ላይትሩም ውስጥ ፎቶ የምትመድቡበት ስብስብ)፣ ቨርቹዋል ኮፒ (ፋይሉ ሳይባዛ ለአንድ ፎቶ የሚሠራ ሁለተኛ ኤዲት) እና የኤዲት ሂስትሪ ኤክስኤምፒ ውስጥ ጨርሶ አይገቡም። በኮሌክሽን ላይ የተመሠረተ አሠራር ያላችሁ ሰዎች ለእናንተ ወደ ኋላ መመለስ በጣም ከባድ እንደሆነ ዕወቁት፤ ሥራ መሃል ላይ ሆናችሁ አፕግሬድ አታድርጉ። ያስረከባችሁበትን ቀን ጠብቁ፣ ከዚያም ጥቂት ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ በተለየ የሙከራ ካታሎግ አዲሱን ፈትኑት።

ብዙዎች በቅርብ ዓመታት ላይትሩምን አፕግሬድ ያደረጉት በ2023 ለመጣው ዲኖይዝ ነው፤ ጨለማ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ላይ ያለውን ሽርክት የሚያጠራው ማለቴ ነው። በጣም ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን የቸገራችሁ ይህ ብቻ ከሆነ ዲኤክስኦ ፒዩርሮው አለላችሁ። ሮውን ወስዶ አጥርቶ ዲኤንጂ ያወጣል፣ ያንን ባላችሁ ላይትሩም ትቀጥሉበታላችሁ። ማሽኑ ግን ደህና ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ያለዚያ አንድ ፎቶ ብዙ ደቂቃ ይወስድባችኋል።

የዚያው ኩባንያ ፎቶላብ አንዴ ገዝቶ መቆየት ለሚፈልግ ሰው ከሚከፈልባቸው ውስጥ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ትልልቅ ቨርዥኖቹ እንደ የተለያየ ፕሮግራም ስለሚጫኑ የድሮውን አይነኩም፤ ኤዲቱን ደግሞ ከፎቶው ጎን በትንሽ ፋይል ማስቀመጥ ይችላል። ካፕቸር ዋን በቀለምና ካሜራን በገመድ አገናኝቶ በማንሳት በኩል አንደኛ ነው፤ ስቱዲዮ ላለው ሰው ሳላመነታ እጠቁመዋለሁ። ሆኖም ካታሎጉ አንዴ ወደ አዲስ ከተሻሻለ የድሮው አይከፍተውም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ባክአፕ። ከየካቲት 2023 ወዲህ የሚገዛው ቋሚ ላይሰንስ ቀጥለው የሚመጡ አዳዲስ ፊቸሮችን እንደማያካትትም ቀድማችሁ ዕወቁ። ፎቶሾፕ ኤለመንትስ ከ2025ቱ እትም ጀምሮ ላይሰንሱ የሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ «ገዝቼ ጨረስኩ» የምትሉበት ፕሮግራም መሆኑ ቀርቷል።

ከሳብስክሪፕሽን ለመውጣት የምታስቡ ከሆነ ግን ነፃዎቹን ሳትሞክሩ ገንዘብ አታውጡ። አፊኒቲ የተባለው የፎቶና የዲዛይን ፕሮግራም፣ ካንቫ የተባለው ኩባንያ ከገዛው በኋላ፣ በጥቅምት 2025 ነፃ ሆኗል፤ የካንቫ አካውንት መክፈት ነው የሚፈልገው፣ የኤአይ ፊቸሮቹ ብቻ ክፍያ አላቸው። በሌየር ለሚሠራ ሰው ፎቶሾፕን በአብዛኛው ይተካል፣ ፒኤስዲም ይከፍታል። ድክመቱ ወደ ኋላ የማይመለስ መሆኑ ነው። ቨርዥን 2 ላይ የተሠራ ፋይል ቨርዥን 1 ላይ አይከፈትም፤ በአዲሱ የተሠራውም እንዲሁ የድሮዎቹ ላይ አይከፈትም። ስለዚህ ፋይሎቻችሁን በዋናው ፎርማት ብቻ አታስቀምጡ፤ የጨረሳችሁትን በ16 ቢት ቲፍ ወይም በፒኤስዲም አውጡ።

ጊምፕ በመጋቢት 2025 ወደ 3.0 ተሻግሯል። ፊልተር ከጨመሩ በኋላ ተመልሶ ማስተካከል መቻሉ ትልቅ እመርታ ነው። ለቀድሞው 2.10 የተሠሩ ፕለጊኖች (ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመሩ ተጨማሪ መሣሪያዎች) ግን 3.0 ላይ አይሠሩም። ፕለጊን ላይ የቆመ ሥራ ካላችሁ ሁለቱንም ያዙ፤ ሴቲንጋቸው የሚቀመጠው በተለያየ ፎልደር ስለሆነ አይጋጩም።

ለሮው ፎቶ ከሁሉም በላይ የማምነው አሠራር ያለው ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ በተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ላይ ነው። ሮውቴራፒ የእያንዳንዱን ፎቶ ኤዲት ፒፒ3 የሚል ቅጥያ ባለው ትንሽ ፋይል ከፎቶው ጋር ማስቀመጥ ይችላል። በኖትፓድ ብትከፍቱት ኤክስፖዠሩ ስንት እንደሆነ፣ ሻርፕነሱ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ተቀምጦ ታነቡታላችሁ። ፕሮግራሙ ነገ ቢቀር እንኳ ምን እንዳደረጋችሁ ማስረጃው እጃችሁ ላይ ነው። ዳርክቴብል በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ ያወጣል፤ ዳታቤዙን ከማሻሻሉ በፊት የድሮውን ኮፒ በራሱ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በተጨማሪ በየፎቶው ጎን ኤክስኤምፒ ይጽፋል። ሌሎቹም እንዲህ ቢያደርጉ ምንኛ ጥሩ ነበር! መልመዱ ጊዜ ይወስዳል፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም፤ ከላይትሩም የሚመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይቸገራል። የላይትሩም ኤዲትም እንዳለ አይተላለፍም፤ የሚሻገሩት ኮከብ፣ ቁልፍ ቃልና አንዳንድ መሠረታዊ ማስተካከያዎች ናቸው።

ወደ ድሮው ለመመለስ የምትፈልጉት ፕሮግራሙ ስለተንቀራፈፈ ወይም በራሱ ስለሚዘጋ ከሆነ፣ አንኢንስቶል ከማድረጋችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። ፎቶሾፕን ስትከፍቱ ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍትን አንድ ላይ ይዛችሁ ፕሪፈረንሱን ወደ መጀመሪያው መልሱት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከድሮው ቨርዥን የመጣ የተበላሸ ሴቲንግ ነው። ካልሆነ ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብታችሁ የግራፊክስ ፕሮሰሰሩን ምልክት አንሱና እዩ። ከዚህ በኋላ ደህና ከሠራ ችግሩ ያለው ድራይቨሩ ላይ ነው። ራማችሁ 8 ጊጋ ከሆነ አዲሱ ፎቶሾፕ የሚጠይቀው ዝቅተኛው እሱ ነው፤ የሚመክረው 16 ነው፣ ስለዚህ አንዳንዴ መቀየር ያለበት ሶፍትዌሩ ሳይሆን ራሙ ነው።

ክራክ የተደረገ የድሮ ቨርዥን ፍለጋ አትሂዱ። ከማይታወቅ ቦታ የወረደ ኢንስቶለር ቫይረስ ይዞ ከመጣ የሚጠፋው የዓመታት ፎቶ ነው፤ ነፃና ሕጋዊ የሆነ ይህን ያህል አማራጭ እያለ ምክንያቱም አይታየኝም።

የላይትሩም ክላሲክ ክፍያ ልታቆሙ ለምታስቡ አንድ የሚያረጋጋ ነገር አለ። ሳብስክሪፕሽኑ ሲያልቅ የሚዘጉት ዴቨሎፕና ማፕ የሚባሉት ክፍሎች ናቸው፤ ላይብረሪው ይከፈታል፣ ፎቶዎቹን ታያላችሁ፣ ከነኤዲታቸው ኤክስፖርት ማድረግም ይቻላል። ቢሆንም ክፍያው ከማለቁ በፊት ኤክስኤምፒውን ለሁሉም ፎቶ ጻፉ፣ ምርጥ የምትሏቸውን በ16 ቢት ቲፍ ኤክስፖርት አድርጉ፣ ካታሎጉን ራሱን ደግሞ ከኮምፒውተሩ ውጭ ባለ ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ።