«ሂጅራ»፦ ስደት፣ ሽሽት ወይስ ፍልሰት?

ጥያቄ፦ ሰላም የቃል ወዳጆች። አንድ ጽሑፍ ላይ ሂጅራን፣ ማለትም ነቢዩ ሙሐመድ ከመካ ወደ መዲና ያደረጉትን ጉዞ፣ «የነቢዩ ሽሽት» ብሎት አየሁ። ሌላው «ስደት» ይለዋል፤ ሌላው «ፍልሰት»። የቱ ይሻላል? ከሐጅ ጋርስ ዝምድና አለው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ዝምድና የላቸውም። የሚቀራረቡ የሚመስሉን ሀን እና ሐን በአንድ ድምፅ ስለምናነባቸው ነው። ዐረብኛ ዛሬም ይለያቸዋል። ሂጅራ በሃሌታው ሀ ነው፤ ሐጅ በሐመሩ ሐ። ፊደላችን ሁለቱንም ስለያዘ ለይተን ብንጽፋቸው ደስ ይለኛል።

የሂጅራ ሥር ሀ-ጀ-ረ ነው። መተው፣ መለየት፣ ግንኙነት ማቋረጥ ማለት ነው። ሱረቱል ሙዘሚል በሚባለው የቁርኣን ምዕራፍ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚያስቸግሯቸውን ሰዎች በመልካም አኳኋን እንዲተዉ ሲታዘዙ የመጣው ይኸው ሥር ነው። በሐዲስም «ሙሃጂር (ሂጅራ ያደረገ ሰው) ማለት አላህ የከለከለውን የተወ ነው» ተብሏል። እዚህ ላይ ከቤቱ የወጣ ሰው የለም። ግን ሂጅራ አለ።

«ሽሽት» የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው። እርግጥ ነቢዩና ባልደረባቸው አቡበክር ሰውር በሚባል ዋሻ ውስጥ ሦስት ሌሊት ተደብቀዋል፤ አሳዳጅም ነበራቸው። ነገር ግን ጉዞው ድንገተኛ አልነበረም። የየስሪብ (በኋላ መዲና የተባለችው ከተማ) ሰዎች አስቀድመው መካ አቅራቢያ ባለው አቀባ ላይ ለነቢዩ ቃል ገብተዋል። ሰሐቦችም (የነቢዩ ባልደረቦች) ከመካ በትንሽ በትንሹ እየወጡ ቀድመው ሄደዋል። የሚሸሽ ሰው የሚቀበለው ከተማ አያዘጋጅም።

«ስደት» ስህተት አይደለም፤ ሙስሊሙም ሲጠቀምበት ኖሯል። ብቻ ሰደደ የሚለው ግሥ ክብደቱን አባራሪው ላይ ይጥላል። ሂጅራ ደግሞ ወጪው ላይ፣ ቆርጦ በተነሳው ሰው ላይ። «ፍልሰት» በበኩሉ ቦታ መቀየሩን ይነግረናል፤ መተዉን አይነግረንም። እኔ ቃሉን እንዳለ ሂጅራ ብዬ እተወዋለሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ615 ገደማ ወደ ሐበሻ የተደረገውን የመጀመሪያውን ሂጅራ ግን ስደት ብለው ቅር አይለኝም። እነዚያ ሰዎች በእምነታቸው ተሠቃይተው ነው የንጉሡን ፍትሕ ብለው ባሕር የተሻገሩት።

ሌላ አባል፦ «ሀገር» ከዚህ ጋር ይገናኝ ይሆን? የዐረብኛ ጀ እኛ ጋ ገ ይሆናል። ጀመል፣ ግመል።

መልስ፦ የድምፁ ሕግ ትክክል ነው። ሀ-ጀ-ረ ወደ ግዕዝ ሲመጣ ሀ-ገ-ረ ነው የሚሆነው። በጥንቱ የሳባ ጽሑፍም ሀ-ገ-ረ ከተማ ማለት ነው። ፊደሉ ስለገጠመ ብቻ አንድ ቃል ናቸው ማለት ግን አይቻልም። ያም ሆኖ አገር የሚለውም፣ አገር ለቆ መውጣት የሚለውም በነዚሁ ሦስት ፊደላት መጻፉ እኔን ሁሌም ይገርመኛል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ ወንድሜ። አንድ የመጨረሻ። ዓመተ ሂጅራ የሚቆጠረው መዲና ከገቡበት ቀን ነው?

መልስ፦ አይደለም። የገቡት በሦስተኛው ወር በረቢዑል አወል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ622 ነው። ቆጠራውን የደነገጉት ኸሊፋ ዑመር ናቸው፤ በ638 አካባቢ። መነሻ ያደረጉት የዚያን ዓመት ሙሐረም 1ን ነው፤ ሙሐረም ቀድሞም የዓመቱ መጀመሪያ ወር ነበርና። ዓመቱ በጨረቃ ስለሆነ 354 ወይም 355 ቀን ነው። ስለዚህ ዓመተ ሂጅራን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትመልስ 622 ደምረህ አትለፈው። የጨረቃው 33 ዓመት የፀሐዩ 32 ዓመት ያህል ነው።