ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ዕጩዎች ስለሚሰጥ መዋጮ፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2027 የቨርጂኒያ 100 የተወካዮች ምክር ቤትና 40 የሴኔት መቀመጫዎች በሙሉ ለምርጫ ይቀርባሉ። ረቂቁ ማኅበራችን ከካዝናው ለሁለት ዕጩዎች መዋጮ እንዲሰጥ፣ ለዚህም ከጥምቀት ማግስት ባለው ቅዳሜ የገቢ ማሰባሰቢያ እራት እንዲዘጋጅ ይጠይቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ «ከካዝናው» የሚለው ይሰረዝ። ቨርጂኒያ ለመዋጮ ጣሪያ የላትም፣ ኩባንያም በስሙ ይሰጣል፤ የእኛን እጅ ያሰረው ግን ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ መንግሥት ሳይሆን የፌዴራሉ የግብር ሕግ ነው። እንደ ማኅበራችን ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለየትኛውም ዕጩ ገንዘብ መስጠትም ሆነ ድጋፉን መግለጽ አይፈቀድለትም። የሚፈቀድልን ተፎካካሪዎቹን ሁሉ እኩል ጋብዘን ማጠያየቅ ነው።

አባል፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ ያሉትን እደግፋለሁ፤ የሚሰጥ ሰው ከማኅበሩ ውጭ በግሉ ይስጥ። በግል በምናዘጋጀው እራት ላይም ቢሆን የለመድነው ቅርጫት ይቅር። ሃያ ሃያ ዶላር ጣል ጣል ተደርጎበት ማን ምን እንደሰጠ ሳይታወቅ ቢቀር፣ ሕጉ ስም የለሽ መዋጮ ስለማይቀበል ዕጩው ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት አሳልፎ መስጠት ይኖርበታል። የሁላችንንም አሰባስቦ አንድ ሰው በስሙ ቼክ ይጻፍ ማለትም አያዋጣም፤ በሌላ ሰው ስም መስጠት ክልክል ነውና። በተጨማሪም መዋጮው በድምሩ ከ100 ዶላር ሲያልፍ የሰጪው ስም፣ አድራሻ፣ ሥራና ቀጣሪ በይፋ ሪፖርት ላይ ስለሚወጣ፣ ይህን የማይወዱ አባቶችና እናቶች እንዳሉ አውቃለሁና አስቀድመን እንንገራቸው። ግሪን ካርድ ያለው መስጠት ይችላል፤ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው ግን አይችልም።

የወጣቶች ተወካይ፦ የእኛ መቶ ዶላር የመብራት ኃይል ሕግ በሚወጣበት ምክር ቤት ለዓመታት ከትልልቆቹ ለጋሾች አንዱ ከነበረው ከመብራት ኩባንያው ከዶሚኒየን ኢነርጂ ገንዘብ ጎን ሲቀመጥ ምን ይታያል? የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በሜሪላንድ ሕግ ለአንድ ዕጩ በአራት ዓመቱ ዙር ከ6,000 ዶላር በላይ መስጠት አይችሉም። ስለዚህ ለሁሉም ዕጩዎች የምናቀርበው አንዱ ጥያቄ «ለመዋጮ ጣሪያ እንዲበጅ ድምፅዎን ይሰጣሉን?» የሚል ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ ልጄ፣ ጥያቄው መልካም ነው፤ ለአንዱ ወገን እንዳደላን እንዳይቆጠር ግን ከትምህርት ቤት፣ ከጤናና ከቤት ኪራይ ጥያቄዎች ጋር ተቀላቅሎ ይቅረብ።

ጸሐፊ፦ ይህን በረቂቁ አስገብቻለሁ፤ ቀኑ ግን አልተስማማኝም። የቨርጂኒያ ምክር ቤት ጉባኤ በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ይከፈታል፤ በመቀመጫቸው ላይ ያሉ ተወካዮችም መደበኛው ጉባኤ እስኪዘጋ ድረስ መዋጮ መጠየቅም መቀበልም ስለማይችሉ፣ የጥምቀቱ እራት ለእነርሱ አይሆንም። ጉባኤው ሲያበቃ ደግሞ ዐቢይ ጾም ይገባል። በግል የምታዘጋጁት አባላት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ያለውን ቅዳሜ ብታስቡበት ጁን ላይ ከሚደረገው የፓርቲዎች ማጣሪያ ምርጫ በፊት ትደርሳላችሁ፤ የማኅበሩ አዳራሽና የአባላት ስም ዝርዝር ግን ለእራቱ አይውሉም።