በ3+0 ብሊትስ አጥቂ ሆኖ እያሸነፈ በሰዓት የሚሸነፍ ተጫዋች፦ መጀመሪያ ምን ይስተካከል?

ሰሌዳው64

ሰላም የቼዝ ወዳጆች። ስለ አንድ ተጫዋች አጨዋወት አስተያየታችሁን ፈልጌ ነው። የሚጫወተው ሊቼስ በተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ 3+0 ነው (ለእያንዳንዱ ተጫዋች 3 ደቂቃ፣ በየሙቩ ጭማሪ የሌለው)፤ ሬቲንጉ በ1700 እና በ1750 መካከል ከፍ ዝቅ ሲል ከርሟል።

በነጭ ሁልጊዜ ኢ4 ይከፍታል። ጥቁሩ ኢ5 ካለ ፈረሱን ኤፍ3 ያወጣል፣ ዲ4 ይገፋል፣ ከዚያ የተበላበትን ወታደር በማስመለስ ፈንታ ቢሾፑን ሲ4 ላይ ያስቀምጣል፤ የስኮች ጋምቢት ማለት ነው። በጥቁር ደግሞ ምንም ቢመጣበት ጂ6 እና ቢሾፕ ጂ7 ነው።

ጠንካራ ጎኑን ለማየት አይከብድም። ዓይኑ ከኤፍ7 (ንጉሡ ብቻ ከሚጠብቃት የጥቁር ካሬ) አይነሳም፤ ንጉሡን መሀል ላይ ያቆየ ተጋጣሚ ከእጁ አያመልጥም። መስዋዕት ማድረግ አያስፈራውም፤ በ2 እና በ3 ሙቭ የሚያልቅ ማት (ንጉሡ መውጫ አጥቶ የሚሸነፍበት) ወዲያው ይታየዋል።

ንግሥቶች ሲለዋወጡ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሩክ በልጦ፣ ወይም ሁለት ወታደር በልጦ ሰዓቱ ያልቅበታል። ሰዓቱ ሲያጥር ደግሞ ጠጠሮቹን ያለ ጠባቂ እየተወ ይሄዳል። ቀድሞ የሚስተካከለው የቱ ነው፦ መክፈቻው፣ የመጨረሻ ጨዋታ ዕውቀቱ ወይስ የሰዓት አያያዙ? "ሁሉንም" ከተባለ አንዱንም አይሠራውምና ቅደም ተከተል ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ሰያፍ_ቢሾፕ

ሰላም ሰሌዳው። "በሰዓት ተሸነፈ" የሚለው ጨዋታው እንዴት እንዳለቀ ይነግረናል እንጂ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አይነግረንም። ሰዓቱ በ45ኛው ሙቭ ላይ ቢያልቅም የባከነው ብዙ ጊዜ ከ12ኛው እስከ 20ኛው ባለው ነው። ስለዚህ ከሰዓት አያያዙ ልጀምር፤ ግን "ፍጠን" በሚል ምክር አይደለም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 3 ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው። ጨዋታው 40 ሙቭ ከሄደ ለአንዱ 4.5 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ 60 ከሄደ 3 ሰከንድ ብቻ። ይህ እኩል የሚከፋፈል አይደለም። ለእንዲህ ዓይነት አጥቂ የሚሆነው ድልድል፦ የመጀመሪያዎቹ 10 ሙቮች በ15 ሰከንድ፣ ከ11ኛው እስከ 25ኛው 100 ሰከንድ፣ ቀሪው 65 ሰከንድ ለመጨረሻው ጨዋታ። በ25ኛው ሙቭ ላይ ሰዓቱ ከ1 ደቂቃ በታች ከሆነ ቦታው የቱንም ያህል ቢያምር አደጋ ላይ ነው።

አሁን የተሸነፋቸውን የመጨረሻ 20 ጨዋታዎች ያውጣ። ሊቼስ የእያንዳንዱን ሙቭ ጊዜ በግራፍ ያሳያል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ይጻፍ፦ በ10ኛው፣ በ20ኛው እና በ30ኛው ሙቭ ላይ ስንት ሰከንድ ቀርቶት ነበር? ከሁሉም ረጅሙን ያሰበው በየትኛው ሙቭ ላይ ነው? ያን ጊዜ የኢንጂኑ (ቦታውን የሚመዝነው የቼዝ ፕሮግራም) ግምት ምን ይላል?

ረጅም ሐሳቦቹ ሦስት ዓይነት ሆነው ይገኛሉ። አንደኛው በእርግጥ ማሰብ የሚገባው ቦታ ነው፤ መስዋዕቱ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ለማጣራት 20 ሰከንድ ቢሄድ አይቆጭም። ሁለተኛው ቀድሞ እያሸነፈ ከዚያ የተሻለ ፍለጋ ነው። አንድ ሩክ በልጦ ሳለ ማት ካላገኘሁ ብሎ 30 ሰከንድ ያቃጥላል፤ አጥቂዎች የሚለከፉት በዚህ ነው። ሦስተኛው ቼክም፣ መብላትም፣ ማስፈራራትም የሌለበት ጸጥ ያለ ቦታ ላይ መፍዘዝ ነው። ያኔ የሚሰላ ነገር የለም፤ ሐሳብ ነው የጠፋው።

ለሁለተኛው አንድ ሕግ ይበቃል፦ ሦስት ነጥብ (የአንድ ፈረስ ወይም ቢሾፕ ዋጋ) ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ ማት አይፈልግም፤ ጠጠር የሚያለዋውጥ ሙቭ ካለ ያንን ይጫወታል። ጠጠር እንጂ ወታደር አይለዋወጥም። ለሦስተኛው ደግሞ፦ የሚያስገድድ ሙቭ ከሌለ ከሁሉ የባሰ ሥራ የፈታውን ጠጠር ፈልጎ ያንቀሳቅስ፤ ከ5 ሰከንድ አይለፍ። በብሊትስ በ5 ሰከንድ የተገኘ ደህና ሙቭ በ35 ሰከንድ ከተገኘው ምርጥ ሙቭ ይበልጣል።

አንድ መፈተኛ ልጨምር። ለጊዜው 3+2 (3 ደቂቃ፣ በየሙቩ 2 ሰከንድ ጭማሪ) ይጫወት፤ የዓለም የብሊትስ ሻምፒዮና የሚካሄድበት አቆጣጠር ነው። እነዚያኑ አሸናፊ ቦታዎች በ2 ሰከንድ ጭማሪ ካሸነፋቸው ችግሩ ሰዓቱና እጁ ነው። በጭማሪም ካበላሻቸው ግን ዕውቀቱ ጎድሏልና ሰዓቱን መውቀስ ይቅር።

ዘጠና_ሰከንድ

በሰያፍ ሐሳብ ብስማማም ቅደም ተከተሉ ላይ እለያለሁ። ጸጥ ያለ ቦታ ላይ የሚፈዘው ከመክፈቻው በኋላ ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። የስኮች ጋምቢትን ያጠናው እስከሚያጠቃበት ድረስ ብቻ ይመስለኛል።

ደህና ተጋጣሚ 4ኛው ላይ ፈረሱን ኤፍ6 ያወጣል። ነጭ ኢ5 ሲገፋ ጥቁር በዲ5 ይመልሳል፤ ከዚያ ቢሾፕ ቢ5፣ ፈረስ ኢ4፣ ነጭም ዲ4 ላይ ያለውን ወታደር በፈረሱ ይበላል። ቦታው እኩል ነው፤ ኤፍ7 ላይ የሚደረግ ምንም ነገር የለም። የጋምቢቱ ጨዋታ እዚያ አልቋል፤ እጁ ግን አሁንም ጥቃት ይፈልጋል። ሰዓቱም የሚሄደው እዚህ ላይ ነው።

ዕቅዱን ቢያውቅ 40 ሰከንድ አያስፈልገውም። ጥቁር ቢሾፑን ዲ7 ካደረገ ነጭ ሲ6 ላይ በቢሾፑ ይበላል፤ ጥቁር በቢ ወታደሩ ሲመልስ ሲ ላይ ድርብ ወታደር ይቀርለታል። ከዚያ ነጭ ካስል ያደርጋል (ንጉሡንና ሩኩን በአንድ ሙቭ ያዛውራል)፣ በኤፍ3 ፈረሱን ከኢ4 ያባርራል፣ ቢሾፑን ኢ3 ያደርጋል። ሐሳቡ ዲ4 እና ሲ5 የተባሉትን ጥቁር ካሬዎች ይዞ ድርብ ወታደሮቹ እንዳይንቀሳቀሱ ማድረግ ነው። ይህን ሐሳብ ይያዝ፤ የሙቭ ዝርዝር መሸምደድ አይጠበቅበትም።

ቢሾፕ ሲ5 ለሚሉት ሲ3 ይግፋ፤ ፈረስ ኤፍ6 ከመጣ ጨዋታው ወደ ጣሊያን መክፈቻ ይዞራል። ሁለቱን መስመሮች እስከ 12ኛው ሙቭ ካወቀ በነጭ ለረጅም ጊዜ ይበቃዋል። መክፈቻ መቀየር አያስፈልገውም፤ ለተፈጥሮው የሚስማማ ነው።

ሲ7ሩክ

ስለ ጥቁሩ ጂ6 ማንም አላነሳም። ምንም ቢመጣ ጂ6 እና ቢሾፕ ጂ7 የሚል ሰው በፕሪሙቭ (ተጋጣሚው ሳይጫወት ቀድሞ በሚታዘዝ ሙቭ) ነው የሚጫወተው። ይህ ከታወቀበት ነጭ ዲ4 ብሎ ይጀምራል፤ ጂ6 ሲባል ቢሾፑን ቀጥታ ኤች6 ላይ ይጥለዋል። ጥቁር በፈረሱ ወይም በቢሾፑ በነጻ ሊበላው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ቢሾፕ ጂ7 ቀድሞ ታዟል። ነጭ ጂ7 ላይ ይበላል፤ ቢሾፑ ሄደ፣ ኤች8 ላይ ያለው ሩክም ተይዟል። ጨዋታው በ3ኛው ሙቭ አለቀ።

በመክፈቻ ላይ ፕሪሙቭ የሚያተርፈው 2 ወይም 3 ሰከንድ ነው። ለዚያ ሲባል ቢሾፕ አይከፈልም።

ፕሪሙቭ የሚታመንበት ቦታ የታወቀ ነው። ዋናው መልሶ መብላት ነው። ሙቩ የሚያርፈው የራስ ጠጠር ባለበት ካሬ ላይ ስለሆነ ተጋጣሚው ካልበላ ሕገ ወጥ ይሆንና በራሱ ይሰረዛል። መጠንቀቅ የሚገባው ተጋጣሚው ባልተጠበቀ ጠጠር እንዳይበላና መልሶ መብላቱ ወጥመድ እንዳይሆን ብቻ ነው። ሌላው ተጋጣሚው አንድ ሕጋዊ ሙቭ ብቻ ሲኖረው ነው። ከሁለቱ ውጭ ያለው ቁማር ነው፤ ሰዓቱ ከ10 ሰከንድ በላይ እያለ አይሞከር።

መድረኮቹም ይለያያሉ። ሊቼስ አንድ ፕሪሙቭ ብቻ ይቀበላል፤ ሰዓት ግን አይቆርጥም። ሌላው የቼዝ ድረ ገጽ ቼስ ዶት ኮም ብዙ ሙቭ ያስደረድራል፤ ለእያንዳንዱ 0.1 ሰከንድ ይቆርጣል።

ሰዓት ያጠረበት ተጋጣሚ ላይ ደግሞ ቼክ ማብዛት ይሠራል። ቼክ የታዘዘውን ፕሪሙቭ ያፈርስበታል፤ ያልጠበቀውን እንዲያስብ ያስገድደዋል። ግን ጠጠር የማያስበላ ቼክ ይሁን።

ሰሌዳው64

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሰያፍን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ጨዋታዎቹን አየናቸው። ጸጥ ያለ ቦታ ላይ መፍዘዙ በብዛት ወጣ፤ በነጭ ዘጠና_ሰከንድ ያለው ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። በ3+2ም ሲሞክር ሩክ በልጦ የነበረባቸውን አሸነፋቸው፤ ሩክና ወታደር በሩክ ላይ የሆኑትን ግን በጭማሪም አቻ ወጣባቸው። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ከመጨረሻ ጨዋታ ለብሊትስ የግድ የሚሆነው ምን ያህሉ ነው? በቀን 40 ደቂቃ ብቻ ቢኖረውስ እንዴት ይከፋፍለው?

ሰያፍ_ቢሾፕ

እንግዲያው ዘጠና_ሰከንድ ትክክል ነበር፤ የነጩ መክፈቻ ይቅደም። እሱን ደግሞ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል።

ለመጨረሻ ጨዋታ፣ እጁ ሳያስብ ሊሠራቸው የሚገቡት ጥቂት ናቸው። ንግሥት በብቸኛ ንጉሥ ላይ በትክክል ከተጫወቱት ቢበዛ በ10 ሙቭ ያልቃል፤ ሩክ በብቸኛ ንጉሥ ላይ ቢበዛ በ16። በንግሥቲቱ ንጉሡን እንደ ፈረስ ዝላይ ርቀት ላይ እየተከተለ ወደ ጠርዝ ይግፋው። ስህተቱ የሚፈጠረው ማዕዘን ላይ ነው፦ ንጉሡ ማዕዘን ገብቶ ንግሥቲቱ በዚያው የፈረስ ርቀት ላይ ካረፈች ስቴልሜት ይሆናል (ቼክ ሳይባል ሕጋዊ ሙቭ አጥቶ አቻ ይወጣል)። ስለዚህ ንጉሡ ጠርዝ ላይ ሲደርስ መከተሉን ትቶ የራሱን ንጉሥ ያምጣ። 5 ሰከንድ ብቻ ከቀረውና ሁለተኛ ንግሥት ወይም ሩክ ማግኘት ከቻለ ያግኝ፤ በሁለት ከባድ ጠጠር እንደ መሰላል ረድፍ በረድፍ መዝጋት ማሰብን አይጠይቅም።

አቻ የወጣባቸው የሩክ ጨዋታዎች ሁለት ቦታ ማወቅን ይጠይቃሉ። የሉሴና ቦታ፦ ወታደሩ 7ኛው ረድፍ ላይ፣ ንጉሡ ከፊቱ 8ኛው ላይ ሲሆን፣ በሩኩ የተጋጣሚውን ንጉሥ ከወታደሩ መስመር ካራቀ በኋላ ሩኩን 4ኛው ረድፍ ላይ ያቆማል። ንጉሡ ወጥቶ በሩክ ቼክ ሲባል ያ ሩክ መጥቶ ይጋርደዋል። የፊሊዶር ቦታ የተከላካዩ ነው፦ ሩኩን ከራሱ በኩል ሲቆጠር 3ኛው ረድፍ ላይ ይዞ የአጥቂው ንጉሥ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ወታደሩ ወደዚያ ረድፍ በተገፋ ቅጽበት ሩኩ ወደ ኋላ ርቆ ቼክ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ወታደሩ ሳይገፋ ሩኩን ስለሚያነሳ ነው።

40 ደቂቃውን እንዲህ ይከፋፍለው፦ 10 ደቂቃ በፓዝል ስቶርም (የሊቼስ የፈጣን እንቆቅልሽ ውድድር)፤ እዚያ አንድ ስህተት 10 ሰከንድ ስለሚያስቀጣ መቸኮልን ያርማል። 10 ደቂቃ ከላይ ያሉትን ማቶችና የሩክ ቦታዎች በኮምፒውተር ላይ ይደጋግም። በቀሪው 20 ደቂቃ ሁለት የ3+2 ጨዋታ፣ ጊዜ ከተረፈም ወዲያው የሰዓቱን ግራፍ ማየት። በዚህ ጊዜ ውስጥ 3+0 ባይነካ ይሻላል፤ ያው የድሮ ልማድ ይመልሰዋል።

ሲ7ሩክ

አንድ ሕግ ልጨምር፣ በሰዓት ለሚሸነፍ ሰው ግማሽ ነጥብ ታድናለች። ቼስ ዶት ኮም ላይ ሰዓትህ ቢያልቅም ተጋጣሚህ ከንጉሡ ሌላ አንድ ፈረስ ብቻ ወይም አንድ ቢሾፕ ብቻ ከያዘ ጨዋታው አቻ ነው። ሊቼስ ላይ ግን በሰሌዳው ላይ ባሉት ጠጠሮች በማንኛውም መንገድ ማት ሊፈጠር የሚችል ከሆነ ተሸናፊ ነህ። ለምሳሌ አንተ ወታደር ይዘህ እሱ ፈረስ ብቻ ቢኖረው ወታደርህ ራሱ የንጉሥህን መውጫ ሊዘጋ ስለሚችል ነጥቡ ለእሱ ይሰጣል።

ስለዚህ ሊቼስ ላይ 3 ሰከንድ ሲቀረው የተጋጣሚውን የመጨረሻ ጠጠር መብላት ከቻለ፣ ሩኩን ከፍሎም ቢሆን ይብላው። ብቸኛ ንጉሥ በሰዓት አያሸንፍም።