የዛፍ ሽበትን የድሮ አሳሾች ሰብስበውታል?

የሱሉልታው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከእንጦጦ ማዶ ነው የምኖረው። አያቴ «ድሮ እዚህ ጽዱ ሁሉ ሽበት ነበረው» ትላለች፤ አሁን ዙሪያችን ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ቅርፊቱ እየተላጠ ስለሚወድቅ ምንም አያበቅልም። እሁድ መናገሻ ሱባ ሄጄ ግን ያንኑ ጺም የመሰለ ነገር አየሁና አንድ ጭብጥ ይዤ መጣሁ። የድሮ ፈረንጆች ይሄን ይለቅሙ ነበር? እንዴትስ ሳይበላሽ ቆየላቸው? የኔው ላስቲክ ውስጥ በሦስት ቀኑ ሸተተ።

አራት ኪሎ፦
ላስቲኩን ጣለው! ጥላ ውስጥ አድርቀህ በታጠፈ ወረቀት ያዘው፣ በቃ። ሽበት የምትሉት ሊከን ይባላል፤ ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ነው፣ በሕይወት እያለም ይደርቃል፣ ዝናብ ሲያገኝ ይነቃል፤ ስለዚህ ማድረቅ አይጎዳውም። አሳሾቹማ ለቅመዋል። ሁከር የተባለው እንግሊዛዊ በ1843 (በፈረንጅ) አንታርክቲካ ድረስ ሄዶ ኮክበርን ደሴት ላይ ሰብስቧል። ወደኛ የመጣው ጀርመናዊው ሺምፐር ደግሞ ዋና ሥራው ዕፅዋት ነበር፤ በ1837 ገብቶ በ1878 ዓድዋ ሞተ። የለቀማቸውን ዕፅዋት የያዙት ወረቀቶች ላይ «ሶሎዳ ተራራ፣ ዓድዋ አጠገብ» ብሎ ከነዓመቱ ይገኛል። ዋጋ ያለው እሱ ጽሑፍ ነው። ጺም መሳዩ ሊከን ጭስ አይወድም፣ ስለዚህ የትና መቼ እንደተለቀመ የተጻፈበት ካገኘህ የአያትህን ወሬ ማጣራት ትችላለህ። ያልተጻፈበት ግን ገለባ ነው።

ወይራ፦
ለቅመው ለቅመው አውሮፓ ወሰዱት፣ እኛ አሁን ለማየት ቪዛ እንጠይቅ?

አራት ኪሎ፦
ንዴትህ ገብቶኛል። ግን ከአንዱ ዕፅ ብዙ ቅጂ አድርገው ለተለያየ ከተማ ይልኩ ነበር፣ በ1943 የበርሊኑ ስብስብ በቦምብ ሲቃጠል ሌላ ቦታ የነበረው ተረፈ። ሰዎቹም በነጻ አልወሰዱትም፤ ፈረንሳዊው ፔቲን በዚያው በ1843 ዓባይ ላይ አዞ በላው፣ ጓደኛው ቀድሞ በንዳድ ሞቷል። ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) አለን እኮ፣ ቪዛ አይጠይቅም።

ባለ ጓሮ፦
ሲጀመር ከጥብቅ ደን ማን ልቀም አለህ? ወድቆ ያገኘኸውን ቅርንጫፍ እንኳ ጠባቂውን ጠይቀህ ንካ።

የሱሉልታው፦
ከወደቀ ቅርንጫፍ ነው ያነሳሁት፣ ግን ልክ ነህ አልጠየቅኩም። ወረቀት ላይ ቀኑንና ሱባን ጽፌያለሁ።

አራት ኪሎ፦
ቅርንጫፉ የምን ዛፍ ነበር?

የሱሉልታው፦
ጽድ... ወይ ኮሶ። አላየሁትም። ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ።