በሎሚ ጭማቂ የተሠራ ዳይሃይድሮፒሪሚዲኖን፦ ቀለበቱ የማን ነው?

ጤናአዳም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቢጂኔሊን (አልዴሃይድ፣ ኢታይል አሴቶአሴቴትና ዩሪያ ተዋህደው ዳይሃይድሮፒሪሚዲኖን የተባለውን ባለ ቀለበት ውህድ የሚሰጡበትን ሪአክሽን) ያለ አሟሚ እየሠራሁ ነው፦ ቤንዛልዴሃይድ 10 ሚሊሞል፣ ኢታይል አሴቶአሴቴት 10 ሚሊሞል፣ ዩሪያ 15 ሚሊሞል፣ የሎሚ ጭማቂ 2 ሚሊ ሊትር፤ 80 ዲግሪ፣ 2 ሰዓት። ነጩ ዱቄት ከ188 እስከ 197 ዲግሪ ይቀልጣል። ዲኤምኤስኦ በተባለው ፈሳሽ አሟሙቼ በአጋር ሳህን ጉድጓድ ውስጥ ስጨምረው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ላይ 14 ሚሊ ሜትር ቀለበት (ባክቴሪያው ያላደገበት ክብ) አገኘሁ፣ ኢ. ኮላይ በተባለው ላይ ምንም። ውጤት ብዬ ልጻፈው?

ቤከር፦
ገና ነው። ንጹሑ 202–204 አካባቢ ነው የሚቀልጠው። ዝቅ ብሎ መዘርጋቱ ቆሻሻ አለበት ማለት ነው። የቤንዛልዴሃይዱን ጠርሙስ አፍ እስቲ ይዩት፤ ነጭ ነገር ከጋገረበት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ቤንዞይክ አሲድ ሆኗል። እሱ ደግሞ ምግብ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ራሱ ስለሆነ ቀለበቱን ብቻውን ሊያመጣው ይችላል። አልዴሃይዱን በ10% ሶዲየም ካርቦኔት አጥበው፣ አድርቀው፣ በቫኪዩም አትንነው እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ ያጥሩት።
ጭማቂውን ይተዉት፤ አሲዱ ከሎሚ ሎሚ ይለያያል። 0.21 ግራም ሲትሪክ አሲድ ሞኖሃይድሬት ይመዝኑ፣ 10 ሞል ፐርሰንት (ከአልዴሃይዱ ሞል አንድ አሥረኛ) ነው። ምርቱን የተፈጨ በረዶ ላይ አፍስሰው ያጥልሉ፤ የሚወርደው ውሃ ሰማያዊ ሊትመስን (አሲድ የሚያሳየውን ወረቀት) ማቅላት እስኪተው በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡ። ከዚያ በጥቂት ትኩስ ኤታኖል ሪክሪስታላይዝ ያድርጉ (አሟሙተው ሲቀዘቅዝ እንደገና ክሪስታል እንዲሆን ይተዉት)። ኮለም (ውህዱን በቱቦ ውስጥ በአሟሚ እያወረዱ መለየት) ውስጥ አይግቡ፦ ያን ሁሉ ሄክሴን የተባለ አሟሚ አፍስሶ «አረንጓዴ (ለአካባቢ የማይጎዳ) ኬሚስትሪ» ማለት ያስቃል።

ሳህን፦
በቤከር ላይ ልጨምር። በዚያው የአጋር ሳህን ላይ ለማነጻጸሪያ ዲኤምኤስኦ ብቻ፣ ሲትሪክ አሲድ ብቻ፣ አልዴሃይድ ብቻ ያለባቸው ጉድጓዶች ይኑሩ። የ5 ማይክሮግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን (አንቲባዮቲክ) ዲስክ ኤቲሲሲ 25923 በተባለው የስታፊሎኮከስ ኦሬየስ መፈተሻ ዝርያ ላይ የሚሰጠው ቀለበት ከ22–30 ሚሊ ሜትር ክልል ውጪ ከሆነ ሳህኑን ይጣሉት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ያልሞላ አጋር ወይም ብዛቱ ከ0.5 ማክፋርላንድ (የባክቴሪያ ድፍርስነት መለኪያ) የራቀ ባክቴሪያ ነው።
በጉድጓዱ ዙሪያ ነጭ ደለል ካለ ውህዱ አጋሩ ውስጥ አልተሰራጨም፤ ስለዚህ ኢ. ኮላይን «አይነካም» አይበሉ። በእርግጥ የኢ. ኮላይ ውጫዊ ሽፋንና የገባውን ውህድ መልሶ የሚያስወጣው አክርኤቢ-ቶልሲ የተባለ ፓምፑም ያስቸግራሉ። ሁነኛው መንገድ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ ኤምአይሲ (እድገትን የሚያቆመውን ዝቅተኛ መጠን) መለካት ነው፦ በሚሊ ሊትር 5×10⁵ ባክቴሪያ፣ ዲኤምኤስኦ ከ1% ያልበለጠ። በሚሊ ሊትር ከ512 ማይክሮግራም ለመጀመር ስቶኩ (በዲኤምኤስኦ የተሟሟው ወፍራም መነሻ) በሚሊ ሊትር 51.2 ሚሊግራም ይሁን፤ ብሮዙ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ፈሳሽ) ውስጥ ከደለለ ከ128 ይጀምሩ። ደለሉ እድገት መስሎ ስለሚያሳስት በዓይን አያንብቡ፣ ሬሳዙሪን የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ይጨምሩ፤ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ባክቴሪያው በሕይወት አለ።

ጤናአዳም፦
የጠርሙሱ አፍ ጋግሯል። አልዴሃይዱን አጥርቼ እንደገና እሠራዋለሁ።